የእንጨት እጆች

ባልየው የገዛ ቤቱን ኩሽና በር አንኳኳ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሚስትየዋም ጀርባዋን ሰጥታ ድንች ትልጣለች። እሱ ግን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አድርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ቆመ። ሻይ ወይም ዳቦ ሲያሰኘው አያንኳኳም፤ ዘው ብሎ ይገባና የድስቱን ክዳን ሁሉ እያነሳ ያሸታል። ካንኳኳ ግን የመጣው ባሏ ሳይሆን ሊቀመንበሩ ነው። ይህን ስለምታውቅ ቢላዋውን አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ዞር አለች። ከፒጃማው ላይ ኮቱን ደርቧል፤ ክራቫት ሳይቀር አስሯል።

«ክብርት አፈ ጉባኤ» አላት። «ዛሬ ማታ ደረጃው ላይ አንዲት ትንሽ ስብሰባ አለች። እንደተለመደው እጅ ያነሳሉ።»

ሊቀመንበር ሲሆን አንቱ ነው የሚላት። ነገሩ የጀመረው የከተማው አስተዳደር ለነዋሪዎች ማኅበራት ሁሉ አንድ ትእዛዝ ሲልክ ነው። እስከዚያ ድረስ የሕንፃውን ማኅበር የሚመራው እሱ ብቻ ነበር። ደንብ ያወጣል፣ ያወጣውን ያስፈጽማል፣ ደንብ ጣሰ ያለውንም ጠርቶ ይቆጣል። ትእዛዙ «ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ አይከማች፤ ደንብ አውጪ፣ አስፈጻሚና ዳኛ ይለያዩ» የሚል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ነበር፤ እሱ ግን ፊቱ በራ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ስለነበረ ነገር ተከፋፍሎ በየመደርደሪያው ሲቀመጥ ደስ ይለዋል። በነጋታው ከፋፈለው። እሱ አስፈጻሚ ሆነ፤ ሚስቱ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሆነች፤ ሥራ ካጣ ወዲህ ከጓዳው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል የተጠጋው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ደግሞ ዳኛ ተባለ። ነዋሪው ተሰብስቦ «ሌላ ማን ጊዜ አለው፣ እናንተው ያዙት» ብሎ አጨበጨበና ወደየቤቱ ሄደ። እንግዲህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስቱ የሥልጣን አካላት ፈጽሞ ተለያይተው በአንድ ገበታ ይበላሉ።

ክፍፍሉ በቤት ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ምሳ ላይ ስለ ሕንፃው ማውራት ክልክል ሆነ፤ አንዱ አካል በሌላው ሥራ ጣልቃ ይገባል ተብሎ ነው። የሚያወሩት ሌላ ነገር ስላልነበራቸው ሦስቱም ዝም ብለው የማንኪያ ድምፅ ይሰማሉ። የኩሽናው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ብትነግረው «ይህ የአስፈጻሚው ጉዳይ ነው፣ በጽሑፍ አቅርቢ» አላት። ቧንቧው እስካሁን ያንጠባጥባል። ወንድሟም ቢሆን ዳኝነቱን የያዘው በራሱ መንገድ ነው። የሚበላው ከአማቹ ቤት፣ የምታበስለው እህቱ፣ የሚካሰሱት የሚያውቃቸው ጎረቤቶች። ማንን ያስቀይማል? የቀረበለትን ክስ ሁሉ አገጩን ይዞ ያዳምጥና «ሁለቱም ወገን ልክ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። የሕንፃው ልጆች «ሁለቱም ልክ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ሰምቶ አልተቀየመም፤ እነሱም ልክ ናቸው አለ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የእንጨት እጆቹ ነገር ነው። በስብሰባ ላይ ድምፅ ሲቆጠር ሁልጊዜ ጠብ ይነሳ ነበር፤ አንዱ ክንዱን ሲያክ ደገፈ ይባላል፣ ሌላው ሁለት እጅ ያነሳል። ሊቀመንበሩ መላ ዘየደና አናጢ ጠርቶ «ለየቤቱ አንድ አንድ እጅ ሥራልን» አለው። ጣውላ ከእጀታ ጋር ማለቱ ነበር። አናጢው ደግሞ የተባለውን የሚሠራ ሰው ነው፤ አምስት ጣት ያለው፣ አውራ ጣቱ ገንጠል ያለ፣ አንጓው ድረስ የተላገ የእንጨት እጅ ፈልፍሎ አመጣ። በየመዳፉ የቤት ቁጥር ተጻፈበት። ቤት ያለው ሁሉ እጅ ደረሰው፤ ተከራይ እጅ የለውም። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ እጁን እየያዘ ይመጣ ነበር። ኋላ አንዱ «ዛሬ አይመቸኝም፣ እጄን ለእትዬ ልስጥና ያንሱልኝ» አለ። ሊቀመንበሩ ሐሳቡን በጣም ወደደው፤ እያንዳንዱን በር እያንኳኳ «ምን በወጣችሁ ትደክማላችሁ፣ ለአፈ ጉባኤዋ ስጧት» እያለ ሰበሰበ። የሚስቱ እጅ የእሱ እጅ እንደሆነ ለአንድ አፍታ እንኳ አልተጠራጠረም። እሷም ማስቀመጫ ብታጣ የሽንኩርት ቅርጫቷ ውስጥ ጨመረቻቸው። የሕንፃው ሕዝብ እጅ በሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ጀመር።

ሲያዟት ታነሳለች። አንድ ጊዜ በፊት ለፊት በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት ይከልከል ሲባል ምድጃ ላይ የጣደችው ወተት እንዳይገነፍል እያሰበች ቅርጫቱን ብድግ አደረገች፤ ደንቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በማግስቱ ዘበኛው መጥቶ የራሷን አንሶላዎች ከሽቦው ላይ አወረደ። እንዲህ ያለች አፈ ጉባኤ ነበረች፤ አፍ ተብላ ተሹማ በስብሰባ ላይ አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም።

ዛሬ ግን ምን እንደነካት እንጃ «ስለ ምን?» አለችው።

ሊቀመንበሩ ደነገጠ። ጥያቄው ከድስቱ የወጣ ይመስል ወደ ምድጃው ተመለከተ። «ስለ ደረጃው ሥር ነው» አለ በመጨረሻ። «ለሊቀመንበር ቢሮ ይሆናል። ባለጉዳይ ሲመጣ የት ላነጋግረው? ሊቀመንበር ያለ ቢሮ ምኑን ሊቀመንበር ሆነ?»

«ልብስ ሰፊዋስ?»

«እሱ የአስፈጻሚው ጉዳይ ነው፣ ክብርት አፈ ጉባኤ። የሥልጣን ክፍፍል አለ» ብሎ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ሳያንኳኳ ተመለሰና ከጠረጴዛው ዳቦ ቆርሶ እያኘከ፣ «ስሚ እንጂ፣ ሱሪዬ እኮ እሷ ጋ ነው። ወገቡን አስፊልኝ ብዬሽ አልነበር? ለማታ እፈልገዋለሁ» አላት።

ልብስ ሰፊዋ ከደረጃው ሥር፣ ጣሪያው እየወረደ ሄዶ ከወለሉ በሚገናኝበት ጥግ፣ አንዲት የስፌት መኪና ይዛ የምትውል ሴት ናት። ከግቢው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እናትየው አልጋ ይዘዋል። በሕንፃው ውስጥ የእሷ መርፌ ያላለፈበት ልብስ የለም፤ ሰው ሲከሳ ታጠባለች፣ ሲወፍር ታሰፋለች፣ ለልጅ ሲተላለፍ ታሳጥራለች። ሚስትየዋ ሱሪውን ልትጠይቅ ኮሪደሩ ላይ ስትወጣ መውረድ አላስፈለጋትም። የስፌት መኪናዋ እዚያው፣ ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ፣ ከነጣውላዋ ተቀምጣለች። ዘበኛው ገና በማለዳ ከብረት እግሯ ነቅሎ በሊቀመንበሩ ትእዛዝ ተሸክሟት ወጥቷል፤ «ለጥንቃቄ» ተብሎ፣ ድምፅ ሳይሰጥ። ከመርፌዋ ሥር ደግሞ ግማሹ የተፈታ፣ ግማሹ የተሰፋ ግራጫ ሱሪ ተወግቶ ቀርቷል። ወንድሟ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሱሪውንም መኪናውንም አንድ ላይ በፕላስተር ይጠቀልላል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ኤግዚቢት ነው፣ እታለም። ጋሼ ‹ውሳኔ እስኪሰጥ ማንም እንዳይነካው እሸገው› አሉኝ።»

«ሱሪው እኮ የራሱ ነው።»

ወንድሟ ሱሪውን አየው፣ ፕላስተሩንም አየው። «እሱም ልክ ነው» አለና መጠቅለሉን ቀጠለ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ነው የመጣችው፤ ጠዋት ከክፍሏ ስትወጣ ባዶ የብረት እግር ብቻ አግኝታ መሆን አለበት። ከደጃፉ አላለፈችም። መኪናዋን አሻግራ አየቻትና ለታመመ ሰው እንደሚደረገው ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ፣ ማታ ስብሰባ አለ አሉኝ። እኔ እንኳ እጅ የለኝም። እጁ ሁሉ እርስዎ ጋ ነው አሉ።»

«እኔ ጋ ነው።»

«ሱቅ ልከራይ ብል ኪራዩ የምሰፋውን ሁሉ ይውጠዋል። ቤት ወስጄ እንዳልሰፋ ከእናቴ አልጋ ሌላ አንድ ወንበር አያስገባም፤ እሷም ድምፁን አትችለውም። እዚህ ግን ሰው ሲወጣ ሲወርድ ያየኛል፣ ‹ይቺን ቁልፍ› ይለኛል፣ በዚያው እንኖራለን።» ሜትሩን በጣቷ ላይ ጠቀለለችው፣ ፈታችው። «ቢያዝኑልኝ ብዬ አይደለም። እርስዎ የሚያነሱት የማን እጅ እንደሆነ ልጠይቅዎት ብዬ ነው።»

ሚስትየዋ ጥያቄው የድፍረት ነው እንዳትል ልብስ ሰፊዋ የተናገረችው አንገቷን ደፍታ ነው። አፈረች፤ ሐፍረቱም ጆሮዋ ድረስ ሞቃት። የማን እጅ እንደምታነሳ ጠይቃ አታውቅም። ወደ ኩሽና ገብታ የሽንኩርት ቅርጫቱን በክንዷ አንጠልጥላ ወጣች። «ነይ እንውረድ» አለቻት። «ባለ እጆቹን ልጠይቃቸው።»

ልብስ ሰፊዋን ከደረጃው ሥር ትታ ከታች ወደ ላይ ጀመረች። አንደኛ ፎቅ ላይ ያሉት ጡረተኛዋ ነርስ ናቸው። ቤታቸው የመድኃኒትና የሳሙና ሽታ አለው፤ ወንበሮቹ እንዳይቆሽሹ ላስቲክ ለብሰዋል፣ ላስቲኩ እንዳይቆሽሽ ደግሞ ጨርቅ ተነጥፎበታል። ያንን ጨርቅ የሰፋችው ማን እንደሆነች ሁለቱም ያውቃሉ። ሻይ ቀረበ። ሴትዮዋ ስለ ጉልበታቸው አወሩ፣ ስለ ልጃቸው አወሩ። ሚስትየዋ ጉዳዩን ስታነሳ ፊታቸው ቅጭም አለ፤ «እንዴት ያለ ነገር ነው! እሷን የመሰለች ልጅ!» አሉ። «ታዲያ ማታ ምን ልበል?» ስትላቸው ግን ስኳሩን አማሰሉ፣ ደግመው አማሰሉ። «የዘይት ዋጋ አይተሻል?» አሉ። አይታለች። «ስኳሩስ ብትይ?» ስኳሩንም አይታለች። ሳሙና፣ ክብሪት፣ የታክሲ ዋጋ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አነሱና ሁሉም እንደሚያስመርር ተስማሙ። በር ላይ ሲሸኟት ክንዷን ያዝ አድርገው «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከማንም ጋር መቀያየም አልፈልግም። አንቺ ታውቂያለሽ» አሏት።

ሁለተኛ ፎቅ የሥነ ዜጋ መምህሩ አለ። የፈተና ወረቀት እያረመ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ መቀመጫ ያልሆነ መጽሐፍ የለም፣ መጽሐፍ ያልተቀመጠበት መቀመጫም የለም። ጥያቄዋን ሲሰማ ቀይ እስክሪብቶውን ጥሎ ብድግ አለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማሪዎቹ አንድም ቀን ቀርቦለት አያውቅም። «ወኪል መልእክተኛ ነው ወይስ ራሱ አሳቢ? ይህ ትልቅ ክርክር ነው!» አለና ከመስኮት እስከ በር እየተመላለሰ ያብራራላት ጀመር። ሥልጣን ሥልጣንን መግታት እንዳለበት፣ ደንብ አውጪ አስፈጻሚውን መጠየቅ እንዳለበት፣ ዳኛ ከማንም እንጀራ ነጻ መሆን እንዳለበት፤ ክንዱን በዘረጋ ቁጥር በኮቱ ክርን ላይ የተለጠፈችው እራፊ ብቅ ትላለች፤ ጥሩ እራፊ ነች፣ ስፌቷ አይታይም። ሚስትየዋ በጣም ጥሩ አስተማሪ ነው አለች በልቧ፤ ሁሉም ነገር ገባት። «ታዲያ የእርስዎን እጅ ላንሳው ወይስ ልተወው?» አለችው። መምህሩ ቆመ። «እኔማ» አለ፣ «መምህር እንደመሆኔ ገለልተኛ መሆን ይኖርብኛል። እርስዎ እንደመሰልዎት።» ከወጣች በኋላ በሩን መልሶ ከፈተና አስተያየቱን እንደሰጠ ለሊቀመንበሩ እንዳትነግርበት ለመናት።

ሦስተኛው ፎቅ የመጨረሻው ነው፤ ከእነሱ ቤት ትይዩ የከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ ይኖራል። ይህ ሰው ቤቱን ከገዛ ጀምሮ አንድ ስብሰባ ላይ ታይቶ አያውቅም። ስብሰባ ባለቀ በማግስቱ ደረጃው ላይ ሲያገኙት ግንባሩን መትቶ «ውይ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ማን ነገረኝ!» ይላል። ማስታወቂያ በሩ ላይ ሲለጠፍ ዓይኑ በቅርብ አያነብም ይላል፤ ከሩቅ ቢለጠፍ በሩቅ አያነብም። በካናቴራ ሆኖ እግሩን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ አገኘችው። ከጎኑ ወንበር ላይ ለጀርባው የሚደገፍባት ትራስ አለች፤ ሐኪም ያቃተውን ወገብ ያዳነችው ያቺ ትራስ እንደሆነች ለሰው ሁሉ ይናገራል፤ ልብስ ሰፊዋ ናት የሠራችለት።

«ስብሰባው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው» አለችው ገና ከመቀመጧ። «እንግዲህ ተነግሮዎታል።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት!» አለ ሹፌሩ። «አይ ጣጣ። በዚያ ሰዓት እኮ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ዛሬ ዕረፍት ነዎት አይደል?»

«ዕረፍት ነኝ። ለዚህ እኮ ነው ማረፍ ያለብኝ።» ከዚያ ውኃውን በእግሩ ጣት አንቦጫረቀ። ትራሷን አየት አደረገ፤ ሚስትየዋም አየቻት። «እርስዎ ጥሩ ሰው ነዎት፣ እትዬ» አለ በመጨረሻ። «የመሰልዎትን ያድርጉ። የእኔ እጅ የእርስዎ እጅ ነው።»

ቤቷ ገብታ ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ተናዳ ነበር። በባሏ ብቻ አይደለም የተናደደችው፤ እሱስ ፍላጎቱን አንኳኩቶ ነው የሚናገረው። የተናደደችው በ«አንቺ ታውቂያለሽ» ነው። ከራስ በላይ ነፋስ ማለት ይህ ነው። ሁሉም አዝነዋል፣ ሁሉም በር ከፍተውላታል፣ ሁሉም ልብስ ሰፊዋ የሰፋችላቸው ነገር አላቸው፤ እንዲህ በይልን የሚል አንድ ሰው ግን ጠፋ። ሽንኩርቱን ለሾርባው ከተፈች። አንድ ጊዜ ቢላዋው ከቀይ ሽንኩርቱ መሀል የነርሷን አውራ ጣት ነካ። ዓይኗ አለቀሰ፤ ሽንኩርቱ ነው ብላ ለራሷ ነገረችው። ታውቂያለሽ ካላችሁኝ እንግዲህ አውቃለሁ አለች።

ማታ ሊቀመንበሩ በሁለተኛው ፎቅ የደረጃ መታጠፊያ ላይ ቆመ። ከላይ ኮትና ክራቫት፣ ከታች ባለ መስመር ፒጃማ። ሌላው ሱሪ ወገቡ ላይ አልዘጋ ብሎታል፤ የሚዘጋው ደግሞ ታሽጓል። ይህ እንዳይታይ ከፊቱ ወንበር አቁሞ ነበር፤ ወንበሩ ግን ፍርግርግ ነው። በስብሰባው ላይ የተገኙት አስፈጻሚው፣ ምክር ቤቱና ዳኛው ብቻ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ከታች፣ ከደረጃው ሥር፣ ባዶው የብረት እግር አጠገብ ቆማለች፤ እጅ ስለሌላት ወደ ስብሰባው መውጣት አይፈቀድላትም። በሮቹ ሁሉ ግን ገርበብ ብለዋል። ከየስንጥቁ መብራት ይወጣል፤ ከነርሷ በር ሳል ይሰማል፤ መምህሩ የፈተና ወረቀት ማገላበጥ አቁሟል።

ሊቀመንበሩ ሐሳቡን አነበበ። «የሕንፃውን ገጽታ ለማሳመርና አገልግሎትን ለነዋሪው ለማቅረብ» የሚል ነገር ነበረበት። ከዚያ «የምትደግፉ እጅ አውጡ» አለ፤ አለና ቀጣዩን ወረቀት መግለጥ ጀመረ፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ የሚሆነው ይታወቃል። ቅርጫቱ ግን ከሚስቱ ጭን አልተነሳም። እሱ ቀና አለ። «ክብርት አፈ ጉባኤ፣ እጅ» አላት ለስለስ ብሎ፣ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቀስ።

«ሰማሁ፣ ክቡር ሊቀመንበር።»

የነርሷ ሳል እንኳ ቆመ። ሊቀመንበሩ ከንፈሩን ላሰ። ደንቡ ላይ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አለ፤ ራሱ ነው የጻፈው፤ ጠይቆት ግን አያውቅም። «የ... የምትቃወሙ?» አለ።

ቅርጫቱን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ብድግ አደረገችው። እጆቹ ሁሉ ጣታቸውን ቀስረው ወደ አምፖሉ ወጡ። የሽንኩርት ልጣጭ በትከሻዋ ላይ ረገፈ። አንዱ እጅ ተንሸራቶ ወደቀና እየተንቋቋ ደረጃውን ሁሉ ወርዶ ከልብስ ሰፊዋ እግር ሥር ቆመ። አንስታ አየችው፤ የሷ ስላልሆነ ከመጨረሻው ደረጃ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠችው።

«ይህ አይቆጠርም» አለ ሊቀመንበሩ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «ባለ እጆቹ የሰጡሽ... የሰጡዎት እንዲደግፉላቸው ነው። ዳኛው ይወስን።»

ዳኛው ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ። ወደ አማቹ አየ፣ ወደ እህቱ አየ። «ከእራት በኋላ» አለ።

እራቱ ሾርባና ዳቦ ነው። ሦስቱ እንደ ወትሮው በዝምታ ተቀመጡ፤ ቧንቧው ያንጠባጥባል። ባልየው ማንኪያ ይያዝ እንጂ አልጎረሰም፤ ዓይኑ ከዳኛው ማንኪያ አልተነቀለም። ዳኛው ደግሞ ማንኪያውን ከሳህኑ አላነሳም። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወርዷል። ይህ ሰው ሥራ ካጣ ወዲህ ፍርድ የሚሰጥበትን አፍ የሚያጎርሱት እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የቱንም ቢያስቀይም ነገ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ደጃፍ ላይ ሲቆም ይታየዋል። ሚስትየዋ ይህን አየች። ሳህኑን ወሰደችና እስከ ጠርዙ ሞልታ መለሰችለት። ዳቦም ጨመረች። ከዚያ የባሏን ሳህን እንዲሁ ሞላች።

«ወንድሜ» አለችው። «የፈለግከውን ፍረድ። እራትህ ያው ነው። ነገም ያው ነው፣ ክፍልህም ያው ናት። እኔ በሕይወት እስካለሁ ማንም ስለ ፍርድህ ሳህንህን አይነካብህም።»

ይህን የነገረው ሰው አልነበረም። እሷንም አያት፣ ሾርባውንም አየ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አፍሮ ፊቱን በእጁ ጠረገ። አገጩን ያዘ። «ሁለቱም ወገን...» ብሎ ጀመረ፤ አፉ ለምዶበት ነው። ቆመ። «ልክ የሆነው ሁለቱም ወገን አይደለም፤ አንዱ ነው» አለ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰዎቹ እጃቸውን የሰጡት ለእርሷ እንጂ ለእርስዎ አይደለም። ልብስ ሰፊዋ ትቀመጥ። መኪናውም ይመለስ።» ከዚያ የተራበ ሰው መሆኑን አሁን ያወቀ ይመስል ሾርባውን ይጠጣ ጀመር።

«ይግባኝ ለማን ነው?» አለ ባልየው።

«ለምክር ቤቱ ነው፣ ጋሼ። ራስዎ ነዎት የጻፉት።»

ምክር ቤቱ ዕቃ እያጠበ ነበር። አልዞረም።

የሰውየውን አንድ ነገር መካድ አይቻልም፤ የተጻፈ ነገር ይፈራል። ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ሲጠብቅ ኖሮ የተጻፈን መጣስ አልለመደም። ተነሳ፣ ክራቫቱን አስተካከለ፣ «አስፈጻሚው ያስፈጽማል» አለ። ዘበኛው ግን ወደ ቤቱ ሄዷል። ስለዚህ አስፈጻሚው ራሱ ጎንበስ ብሎ የስፌት መኪናዋን ከነጣውላዋ፣ ከነፕላስተሯ ታቀፋት። የሱሪው አንድ እግር ከመርፌው ሥር ተንጠልጥሎ በየእርምጃው ጉልበቱን ይመታዋል። ሚስቱ ቅርጫቷን ይዛ ተከተለችው።

የሹፌሩ በር ተከፈተ፤ ሊያይ ነው የወጣው። ቅርጫቱ ውስጥ ፈልጋ እጁን አወጣችና ዘረጋችለት። «እጅዎን ይያዙ» አለችው። «ምን ላድርገው?» አለ። «ያንሱት» አለችውና አለፈች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው መምህሩ «እኔ እኮ በመርህ ደረጃ ከመጀመሪያውም...» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ የእንጨት እጁ መዳፉ ውስጥ ሲቀመጥ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ነርሷ ደግሞ «ምነው ልጄ፣ አንቺ ዘንድ ይቀመጥልኝ እንጂ፣ እኔ ቦታ የለኝም» ብለው መለሱላት። «ከመድኃኒቱ ጋር ያስቀምጡት፣ እትዬ» ብላ ደግማ ሰጠቻቸው። ሌሎቹንም በየበሩ መለሰች፤ የወደቀውን ከመጨረሻው ደረጃ ላይ አንስታ ቁጥሩን አይታ ለባለቤቱ ሰጠች። ምድር ቤት ሲደርሱ በቅርጫቱ ውስጥ የቀረው የሷው እጅና የሽንኩርት ልጣጭ ነው።

ባልየው መኪናዋን ከብረት እግሯ ላይ አስቀምጦ ግድግዳውን ተደግፎ ተነፈሰ። ልብስ ሰፊዋ ፕላስተሩን በጥርሷ ቀደደች፣ መርፌውን በመዘውሯ ወደ ላይ አወጣች፣ ሱሪው ነጻ ወጣ። ዘርግታ አየችው። «ነገ ይደርሳል፣ ጋሼ» አለችው። እሷ ምን ታድርግ፣ ሥራዋ ነው።

እሱ ግን ትንፋሹ ሲመለስለት ቀና አለ። ቅርጫቱን አየ፤ የሆነውን ነገር ገና አሁን ነው ያስተዋለው፤ ፊቱ ላይ ትእዛዙ የመጣ ጊዜ የነበረው ብርሃን ተመለሰ። «ነገ ሐሳቡን እንደገና አቀርበዋለሁ» አለ። «ደንቡ ይፈቅዳል።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረና ሊቀመንበርነቱን ረስቶ «አሁን ያለሽ አንድ እጅ ነው» አላት።

እውነቱን ነበር። እጆቹን መመለስ የጀመረች ጊዜም ታውቀው ነበር። ከላይ በሮቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ ይሰማል፤ የነርሷ ሰንሰለት፣ የመምህሩ ቁልፍ፣ ከጫፍ ደግሞ የሹፌሩ መቀርቀሪያ። ልብስ ሰፊዋ ክር ልታስገባ ያነሳችውን መርፌ እንደያዘች ቆመች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ባልየው ፒጃማውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ደረጃውን መውጣት ጀመረ።

ከላይ አንድ መቀርቀሪያ ተመልሶ ተከፈተ። ነጠላ ጫማ እየተጎተተ ወረደ፤ ሁለተኛውን ፎቅ አለፈ፣ አንደኛውን አለፈ፣ ባልየውን ደረጃ ላይ ጎኑን ነክቶት አለፈ። ሹፌሩ ነበር። በካናቴራ ነው፤ እግሩ ገና እርጥብ ነው። የእንጨት እጁን እንዴት እንደሚያዝ ስላላወቀ በብብቱ ሽጉጦታል፤ ሲደርስ አወጣው፣ አሸተተው፣ ፊቱን ጨምደድ አደረገ።

«እትዬ» አለ፣ «የነገው ስብሰባ ስንት ሰዓት ላይ ነው?»